ሐይቁን የሚጠብቀው ማን ነው? ስለ ቅዱሳን ሐይቆችና ስለ አገር በቀል እምነት የቀረበ ሒስ

ስለ ባህልና ስለ ተፈጥሮ ሀብት በሚቀርቡ የተማሪዎች ጥናቶች ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ይገኛል። ቃሉ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ጥቂት ቢለዋወጥም አሳቡ አንድ ነው፤ ሕዝቡ ሐይቁን ቅዱስ ነው ብሎ ስለሚያምን ሐይቁ ሳይጠፋ እስከ ዛሬ ቆይቷል የሚል ነው። እኔም ባለፈው ዓመት ለክፍል ባቀረብኩት ወረቀት ላይ ይህንኑ ዐረፍተ ነገር አስገብቼ መልካም ማርክ አግኝቼበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር በቂ ማስረጃ ሳልይዝ የተናገርኩት መሆኑ እየታወቀኝ ስለ መጣ፣ የዛሬው ሒስ ከሁሉ አስቀድሞ በራሴ ላይ የቀረበ መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ።

የተማርኩት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ሳለን በውሃ ዳር ለምለም ሣር ይዞ መቆምም ሆነ ዛፍን ቅቤ መቀባት በአንድ ስም «ባዕድ አምልኮ» ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ ቆሞ የሚጸልየው ሰው ለማን ምን ብሎ እንደሚጸልይ የሚጠይቅ አልነበረም። ኮሌጅ ስገባ ያው ነገር ስሙ ተለውጦ «አገር በቀል ዕውቀት» ሆኖ ቆየኝ። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ስም ከመጀመሪያው ይልቅ ጨዋነት አለው። ዳሩ ግን እዚህም ቢሆን ሰውየው ምን ብሎ እንደሚጸልይ የሚጠይቅ ብዙ አላየሁም። የፊተኞቹ ሳይሰሙ ያወግዙ ነበር፤ የኋለኞቹ ሳይሰሙ ያመሰግናሉ።

በአንድ አሳብ ላይ ሒስ ለማቅረብ የሚሻ ሰው የአሳቡን ጠንካራ ወገን ይዞ መነሣት ይገባዋል። እኔ ካነበብኳቸው ውስጥ ጠንካራ ሆኖ ያገኘሁት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2010 ስለ ቅዱሳን የተፈጥሮ ቦታዎች በታተመ መድበል ውስጥ፣ ኤኖአባሲ አንዋናና ባልደረቦቻቸው ስለ ኒጀር ዴልታ ሐይቆች የጻፉት ምዕራፍ ነው። ምዕራፉ አርእስቱን የወሰደው አዞ ወንድማችን ነው ከሚለው የአገሬው አነጋገር ነው። በናይጄሪያ በባየልሳ ክፍለ ሀገር የሚኖሩት የቢሴኒና የኦሲያማ ሰዎች በቅዱሳን ሐይቆቻቸው የሚገኘውን አዞ አይገድሉም፤ ሳያስበው የገደለ ሰው ቢኖር ለሰው የሚደረገውን የቀብር ሥርዐት አሟልቶ እንዲቀብረው ይገደዳል። ዓሣ ማጥመድም ቢሆን ሰው እንደ ፈቀደ የሚያደርገው ነገር አይደለም፤ ጊዜና ደንብ አለው። በሌላው ስፍራ ቁጥሩ እየተመናመነ የሄደው ድንክ አዞ በእነዚህ ሐይቆች መጠጊያ አግኝቷል።

ይህ ማስረጃ ያሳመነኝ ስለ አንድ ነገር ነው። እዚህ እምነቱ ዋጋ ያስከፍላል። ቀብር ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጊዜ ይጠይቃል፤ ጎረቤትም ሁሉ ያየዋል። ሕጉን የጣሰ ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የሚቀጣው ማን እንደሆነም ይታወቃል። እኛ ብዙ ጊዜ «እምነቱ ሐይቁን ይጠብቃል» ስንል ግን ምን እንደ ተከለከለ፣ ለማን እንደ ተከለከለ፣ የተከለከለውን ያደረገ ሰው ምን እንደሚደርስበት አንናገርም። ይህ ካልተነገረ የቀረው ውዳሴ ብቻ ነው።

ነገር ግን የኒጀር ዴልታው ምሳሌ ራሱ ድንበሩን ያሳያል። በዚያው በባየልሳ ምድር ኦሎይቢሪ በተባለ ስፍራ በ1956 ለገበያ የሚበቃ የነዳጅ ዘይት ተገኘ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በዴልታው ውሃ ላይ የሚፈሰው ዘይት የአዞውን ዘመድ አያውቅም፤ የቀብር ሥርዐትም አያስከፍሉትም። እምነቱ የሚገዛው የሚያምኑትን ሰዎች እጅ ነው። የማያምነው ኩባንያ፣ ከሌላ አገር የመጣው ዓሣ አጥማጅ፣ ሃይማኖቱን የለወጠው ወጣት ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው። የምዕራፉ ጸሐፊዎች ይህን አደጋ አልሸሸጉም፤ የሸሸግነው እኛ ነን፤ ከጽሑፋቸው አዞውን ወስደን ዘይቱን ትተናል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከወዲያኛው ወገን ሆነው የሚከራከሩ ሊቃውንትም አሉ። ኤሪክ ስሚዝና ማርክ ዊሽኒ በ2000 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ልማድ «ጥበቃ» ተብሎ እንዲጠራ ሀብቱን ከመመናመን ማዳኑ ብቻ አይበቃም፤ ለዚሁ ዓላማ ተብሎ የተደረገ መሆን አለበት ይላሉ። ሰዎች ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ወይም መሣሪያቸው ደካማ ስለሆነ ብቻ ዓሣው ቢተርፍ፣ ይህ የአጋጣሚ ውጤት ነው እንጂ ጥበቃ አይባልም ማለታቸው ነው። ይህ ሚዛን ጠቃሚ ቢሆንም ጠባብ ሆኖ ይታየኛል። አዞ የሚቀብረው የቢሴኒ ሰው ስለ አዞ ዘር መቀጠል እያሰበ ነው ለማለት አልችልም፤ ወንድሙን እየቀበረ ነው። ቢሆንም ክልከላው ይይዘዋል፤ ነገም እጁን ይሰበስባል። ዓላማውን ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን ሳያይ ያልፋል። ውጤቱን ብቻ የሚመዝን ደግሞ የሰውየውን ኀዘን አዞ ማርቢያ ዘዴ ያደርገዋል። ሁለቱንም አልወደድኩም።

የሁለቱ ሊቃውንት ጥያቄ በእርግጥ የሚጠቅመው በጋና ስላለው ስለ ቦሱምትዊ ሐይቅ ስናስብ ነው። ይህ ሐይቅ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ በቈፈረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 8 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ መውጫ የሌለው ውሃ ነው። በአሻንቲዎች እምነት የሙታን ነፍስ አምላኩን ለመሰናበት ወደዚህ ትመጣለች። ብረት ውሃውን እንዳይነካ ክልክል ስለሆነ የብረት መንጠቆም ሆነ የተለመደው ጀልባ አይፈቀድም ነበር፤ ዓሣ አጥማጁ በአንድ ሳንቃ ላይ ተቀምጦ በእጁ እየቀዘፈ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ራትሬይ በ1923 ባሳተመው «አሻንቲ» በተባለው መጽሐፉ ስለዚህ ሐይቅ ጽፏል፤ ውሃው አልፎ አልፎ ከሥሩ ተገልብጦ ሽታ ያለው አየር ሲወጣና ዓሣው ሲንሳፈፍ፣ ሕዝቡ አምላኩ ባሩዱን ተኮሰ እንደሚል ይነግረናል።

በሳንቃ ላይ የተቀመጠ ሰው ብዙ ዓሣ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ የብረቱ ክልከላ ለብዙ ዘመን ዓሣውን ሳይጠቅመው አልቀረም። ሆኖም ክልከላው የሚናገረው ስለ መሣሪያው ነው፤ በሐይቁ ዳር ስንት ሰው ይቀመጥ፣ ስንት ሳንቃ ይውጣ አይልም። በሐይቁ ዙሪያ ያሉት መንደሮች ሕዝብ ሲበዛ ሳንቃውም በዛ፤ መረብም ገባ፤ ዓሣው ተመናመነ። ዓሣው ሲያንስ ሰው ወደ እርሻ ዞረና ተዳፋቱን ማረስ ያዘ፤ ከተዳፋቱ የተሸረሸረው አፈርም ወደ ሐይቁ ወረደ። ሳንቃው ግን እስከ ዛሬ አለ። የክልከላው መልክ እንዳለ ሲቀር ሥራው ከውስጡ ወጥቷል ማለት ነው፤ ጎብኚም ሳንቃውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ሐይቁ ተጠብቋል እያለ ይመለሳል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው፣ ቀድሞ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው በቢሾፍቱ ከተማ፣ በእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ውስጥ የተቀመጡ ሐይቆች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሆራ አርሰዲ ነው። ከመስቀል በዓል ቀጥሎ በሚውለው እሑድ ኦሮሞው ከየአቅጣጫው ወደዚህ ሐይቅ መጥቶ ኢሬቻን ያከብራል። አባ ገዳዎች ይመርቃሉ፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፤ ሕዝቡም ለምለም ሣርና አበባ ውሃው ውስጥ እየነከረ ይረጫል። ክረምቱ አልፎ፣ ወንዙ ጐድሎ፣ ዘመድ ከዘመዱ የሚገናኝበት ብራ ስለ መጣ ለዋቃ ምስጋና ይቀርባል። ይህ ኢሬቻ መልካ፣ ማለት የውሃው ኢሬቻ ነው፤ በበጋ በተራራ ላይ ሆኖ ዝናብ የሚለመንበት ኢሬቻ ቱሉም አለ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ወደ ሐይቁ ወርጄ ነበር። የደረቀው ሣር በዳሩ ላይ እንደ ነዶ ተከምሯል፤ ወጣቶች የውሃ መጠጫ ፕላስቲክ በጆንያ ይለቅማሉ። በዛፍ ጥላ ሥር ለተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰላምታ ሰጥቼ፣ «አባቴ፣ ይህ ውሃ ቅዱስ የሆነው ስለ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ እኛ ውሃውን አናመልክም፤ ውሃውን የፈጠረውን እናመሰግናለን እንጂ» አሉኝ። ቀጥዬም በዓሉ ሐይቁን ይጠብቀው እንደሆነ ስጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኛ እዚህ የምንቆመው አንድ ቀን ነው። የቀረውን ዓመት ሐይቁ ከማን ጋራ ነው የሚያድረው?» ሲሉ መልሰው ጠየቁኝ።

እኔ በወረቀቴ ላይ የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ሽማግሌው ስለ ምስጋና ነገሩኝ፤ እኔ ግን ስለ ውሃ ጥራት ጽፌ ነበር። የሰውን ጸሎት ወስዶ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ ደንብ አድርጎ መተርጐም ለጸሎቱ ክብር የሰጠ ይመስላል፤ የሚጸልየው ሰው ግን በትርጕሙ ውስጥ ራሱን አያገኝም። በኦሮሞ እምነት ውስጥ ሰፉ የሚባል ታላቅ አሳብ አለ፤ ለሰውም፣ ለእንስሳም፣ ለውሃም የሚገባውን አክብሮት ሳያጐድሉ መኖር ማለት ነው። ሰፉን ያወቀ ሰው በሐይቁ ላይ ቆሻሻ አይጥልም ማለት ያስኬዳል። በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረውና የሚሠራው ሁሉ ግን በሰፉ የሚኖር ነው ማለት አያስኬድም።

ስለ ሐይቁ አፈጣጠር ጥቂት ልጨምር፤ የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነውና። ፕሮሰር፣ ዉድና ባክስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 ባወጡት ጥናት የቢሾፍቱን ሐይቆች ጥልቀትና የውሃቸውን ጠባይ ለክተዋል። ሆራ 38 ሜትር፣ ቢሾፍቱ 87 ሜትር፣ ባቦጋያ 65 ሜትር፣ አረንጓዴ 32 ሜትር ያህል ይጠልቃሉ። ገደላቸው ዙሪያውን ከነፋስ ስለሚከልላቸው ላይኛው ውሃ ከታችኛው ጋራ ቶሎ አይቀላቀልም፤ ታችኛው ኦክስጅን አጥቶ ይተኛል። ብርዱ በሚጠናበት በኅዳርና በጥር መካከል ላይኛው ቀዝቅዞ ወደ ታች ሲወርድ ግን ውሃው ይደባለቃል፤ ያን ጊዜ ዓሣ ሊያልቅ ይችላል። ሐይቆቹ በወንዝ አይወጡም። ከከተማው መጸዳጃ ጉድጓድ በከርሰ ምድር የሰረገውም ሆነ ከማሳው በጎርፍ የታጠበው ማዳበሪያ አንድ ጊዜ ከገባ የሚሄድበት የለውም።

እንግዲህ እምነቱ የሚደርሰው እስከ ዳሩ ነው። ዛፉን አትቍረጥ፣ ስፍራውን አታርክስ፣ ውሃውን በአክብሮት ንካ ይላል፤ ይህን የሚሰማም ይሰማል። ሐይቁን የሚጐዳው ነገር ግን በዳሩ አይመጣም፤ በስውር በመሬት ውስጥ ይመጣል፤ ከገደሉ በላይ ካለው ሆቴል፣ ከቤት፣ ከእርሻ ይመጣል። እኔ ይህን የምለው እምነቱን ለመንቀፍ አይደለም። ማንም ሰው ያላየውን ነገር ባለመከልከሉ አይነቀፍም።

የጣና ገዳማት ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም። በደሴቶቹ ላይ ያለው ደን በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ስለሆነ ቆሟል፤ በዋናው ምድር ያለው ደን እንዴት እንደ ተመነጠረ ያየ ሰው ይህን ሊክድ አይችልም። እምቦጭ ግን በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ መታየት ሲጀምር የገዳም ክልል ነው ብሎ አልቆመም። ደኑ ድንበር አለው፤ መነኵሴው ዞሮ ያየዋል። ውሃው ድንበር የለውም። ቅዱስ ደንንና ቅዱስ ሐይቅን በአንድ አንቀጽ ውስጥ እያጣመርን መጻፋችን ስሕተት መሆኑን ከዚህ ተረድቻለሁ።

ስለ ሆራ ሲጻፍ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. የሆነውን ዘሎ ማለፍ አይገባም። በዚያ ቀን በኢሬቻ ላይ በተነሣው ተቃውሞ የጸጥታ ኀይሎች አስለቃሽ ጭስ ሲተኵሱ ሕዝቡ ተረጋግጦና ገደል ገብቶ ብዙ ሰው አለቀ። የሟቾቹ ቍጥር እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ዩኔስኮ በአዲስ አበባ ባደረገው ጉባኤ የገዳን ሥርዐት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጻፈው። መዝገቡ የጻፈው ሥርዐቱን ነው፤ ሐይቁ እንዴት እንደሚያድር መዝገቡ አይመለከተውም። ለብዙ ሰው ሆራ ከዚያ ቀን ወዲህ የምስጋና ብቻ ሳይሆን የኀዘንም ስፍራ ነው፤ «ሥነ ምኅዳራዊ ጠቀሜታ» በሚለው ርእስ ሥር ይህን ማስገባት አይቻልም።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ኢሬቻ ከብዙ ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ፣ በሆራ ፊንፊኔ ስም ተከበረ። የጥንቱ ምንጭና መስክ በከተማው ሥር ስለ ተዋጠ በዓሉ የተከበረው ተሠርቶ በተዘጋጀ የውሃ ገንዳ ነው። ይህን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። እምነቱ ውሃውን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ፊንፊኔ ላይ የነበረው ውሃ ለምን ጠፋ? መልሱ ግልጽ ነው፤ በዚያ ስፍራ ላይ ሥልጣን የነበረው ሌላ ነው፤ የሚያምኑት ሰዎች ከመሬቱ ተነቅለዋል። ውሃው ጠፍቶ ሳለ እምነቱ መቶ ዓመት አልፎ ተመለሰ። ስለዚህ እምነት ከውሃው ይልቅ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል፤ ለመጸለይ ገንዳ ይበቃዋል። ይህ ለእምነቱ ጥንካሬ ምስክር ነው፤ ለሐይቁ ግን ዋስትና አይደለም።

ጽሑፉን በረቂቅ ያነበበ አንድ የክፍል ጓደኛዬ፣ እምነቱ ባይኖር ኖሮ ሆራ ከዚህ የከፋ ይሆን ነበር ሲል ተከራክሮኛል። ሊሆን ይችላል። ቢሾፍቱ ላይ ቅዱስ የሆነውንና ያልሆነውን ሐይቅ ጐን ለጐን ማነጻጸር የሚቻል ይመስላል፤ ነገር ግን ሆራ ከባቦጋያ በጥልቀቱ ይለያል፤ በዙሪያው ያለው ቤትና እርሻም አንድ ዐይነት አይደለም፤ የተገኘው ልዩነት ከእምነቱ የመጣ ይሁን ከጥልቀቱ ለመለየት ብዙ ዓመት መለካት ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ የጓደኛዬም የእኔም ቃል ግምት ነው። የእርሱ ግምት ግን ጉዳት አለው። ሐይቁን እምነቱ ይጠብቀዋል ካልን፣ ቆሻሻ ውሃውን ማጣራት የሚገባው ማዘጋጃ ቤትና በገደሉ ከንፈር ላይ የሠራው ባለ ሆቴል ነፃ ይወጣሉ። ሐይቁ በተበላሸ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የአማኞቹ ይሆናል፤ «ባህላቸውን ስለ ተዉ ነው» ይባላል። ከበዓል ማግሥት ስለሚገኘው ፕላስቲክ ብዙ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ በዓመቱ ሁሉ በመሬት ውስጥ ስለሚሰርገው ግን ሲነገር የሰማሁት ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ለእምነቱ ወገን ሆኜ ልጨምር። በኢሬቻ ሕዝቡ ውሃውን በእጁ ይነካል፤ በራሱና በልጁ ላይ ይረጨዋል። ውሃው ለዚህ የሚበቃ መሆን አለበት። ይህን መለኪያ እኛ ከውጭ ያመጣነው አይደለም፤ ከሥርዐቱ ውስጥ ያለ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ማዘጋጃ ቤቱን በዚህ ሊጠይቁት ይችላሉ። «ውሃችሁ የተፈጥሮ ሀብት ስለሆነ ጠብቁት» ከሚላቸው ተማሪ ይልቅ «በልጃችሁ ግንባር ላይ የምትረጩት ውሃ ምን እንዳለበት ታውቃላችሁ ወይ?» የሚላቸውን ይሰሙታል ብዬ አስባለሁ።

ይህንም ለማወቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከኢሬቻ በፊት ባለው ሳምንትና ከኢሬቻ በኋላ ባለው ሳምንት፣ እንደዚሁም ጎርፉ በሚበረታበት በሐምሌ፣ ከሆራ ዳርና ከመካከሉ ውሃ ቀድቶ መመርመር ይቻላል። ከባቦጋያም እንደዚሁ። የ1968ቱ ጥናት መነሻ ቍጥር ይሰጣል። የኬሚስትሪ ክፍል ተማሪዎች ጠርሙሱንና መመርመሪያውን ካዋሱን፣ ከእኛ ክፍል ሦስት ሰዎች ለመውረድ ፈቃደኞች ሆነን ስማችንን አስመዝግበናል፤ አራተኛ ሰውና አንድ ጀልባ ይጐድለናል።